እህቴ ሰውን ሁሉ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ስትጠይቅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እታለም፣ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ዛሬም ሳላጠፋ ወጣሁ። አትቆጪ። "የመብራት መሥሪያ ቤቱ ያባትህ ነው እንዴ?" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስመለስ አክስቴ አጥፍታዋለች። ምንም አላለችኝም። እሷ ስትቆጣ ዝም ነው የምትለው... ያንቺ ቁጣ ይሻላል፣ ቢያንስ ያስቃል።

የሒሳብ ፈተና ነበረን። ደህና ነው። ዝናብ ሊጥል ሲል መስኮቱን ልዘጋ ሄጄ መጋረጃውን ሳየው ቆየሁ። አንደኛው ክንፍ ሰማያዊ፣ ሌላኛው ቡናማ ባለ ቅጠል፣ ከታች የተቀጠለው ደግሞ የሆነ ሆቴል ቀይ። መጋረጃ ቤት እየሠራሽ የእኛ መስኮት የሦስት ቤት ትርፍራፊ ለብሶ ቀረ። "የሰው መስኮት ስለካ ውዬ የራሴን የት አባቴ ልለካ!" ትዪ ነበር።

አክስቴ ስፌት መኪናሽ ላይ የታጠፈ ልብስ ደርድራለች። አንሺው ልላት ነበር። ተውኩት።

አሁን "መቼ ትመጫለሽ" ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ ጀምሮት ነበር። ከቀብርሽ ወዲህ ወር ሊሞላ ነው፣ እጄ ግን ገና አልሰማም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አንቴና ዛሬ ስልኬ ላይ ቻትቦት ጫነልኝ። አንቴናን ታውቂዋለሽ፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጠው፣ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባው ረጅሙ።

"የፈለግከውን ጠይቀው። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው፣ አላውቅም አይልም።"

"አላውቅም የማይል ሰው አያስፈራም?"

"ሰው አይደለማ!"

እንፈትነው ተባለ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡን። አንዱ ስለ ኳስ ጠየቀ፣ አንዱ ስለ ፍቅር። ሁሉንም መለሰ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ጣቴ ሳላስበው ያንቺን ጥያቄ ጻፈ። የዓለም ኢኮኖሚ ይሻሻል ቢባል አንተ ከየት ትጀምራለህ?

አንቴና ዞሮ አየኝ። "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?"

ማሽኑ ግን ደስ አለው። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!" ብሎ ጀመረ። ከዚያ ደረደረው፤ የድሃ አገሮች ዕዳ፣ የትልልቅ ድርጅቶች ግብር፣ የንግድ ሕግ፣ በዓለም ጉባኤዎች ላይ የትንንሽ አገሮች ድምፅ፣ የአየር ንብረት፣ ትምህርት፣ ጤና። "ሁሉም እኩል አስፈላጊ ናቸው" ብሎ ዘጋ።

"አለፈ!" አለ አንቴና። "መቶ ከመቶ!"

እኔ እንጃ። የተጠየቀው ከየት ትጀምራለህ ነው። ከሁሉም እጀምራለሁ ያለ ከየትም አልጀመረም። አንቺ ብትኖሪ ቅንድብሽን ብቻ ከፍ አድርገሽ "እህ? አለፈ?" ትዪኝ ነበር። ፈታኟ አንቺ፣ አራሚው እኔ።

ወድቋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጥያቄው እንዴት እንደተጀመረ ልጻፈው... እንዳይጠፋብኝ።

እማዬ በሞተችበት ዓመት ነው። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያፈሳል። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ያ ወፍራሙ፣ ማጠቢያው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ሬዲዮው ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ማሻሻያ ያወራል። የሆነ ቦታ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሰውየው ከሥር ሆኖ አጉረመረመ።

"እነዚህ ደግሞ በየዓመቱ ያሻሽላሉ፣ አንድም ቀን ሲሻሻል አላየን!"

አንቺ ስፌቱን አቆምሽ። "እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?"

እግሩ አሰበ። እውነቴን ነው፣ እግሩ ነበር የሚያስበው፤ የጫማው ጫፍ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"መጀመሪያ የሚያፈሰው ይደፈናላ! ቀዳዳ ባልዲ ላይ ውሃ መጨመር ምኑ ነው ሥራ?"

እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ያኔ ብዙም አላወራም ነበር ይሉኛል። እኔ ያን ያህል አላስታውስም። "ባልዲው የማን ነው?" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ሰውየው ደንግጦ ራሱን ከማጠቢያው ጋር አጋጨ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን አላወቀም ነበር። አንቺ ሳቅሽ። ዓይንሽ እንባ እስኪያቀርር ሳቅሽ።

ከዚያ በኋላ ማን ቀረ? ፖስተኛውን ያዝሽው። "ድንበሩን ለዕቃ ከከፈቱት ለሰውም ይክፈቱት። ካርቶን ከሰው በልጦ ነው?" አለ። አለፈ። የመጋረጃ ቤቷ ባለቤት፦ "አበዳሪ ሁሉ አንድ አንድ ሌሊት ተበዳሪው አልጋ ላይ ይተኛ!" አለፈች፣ ግን በጭንቅ። ታዲያ ያን ሌሊት ተበዳሪው የት ሊያድር ነው? ብያለሁ። አክስቴን እንኳን አልማርሻትም።

"ከወንድምሽ ካልሲ ይጀመር! ዓለም የሸተተው ከሱ ነው!"

አንቺ "አለፈች" ስትዪ እኔ "ይግባኝ!" አልኩ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ቁጭ ይላል፣ ሊሄድ የተነሳ እንኳን። ሻይ ይደገማል... ሄዶ በሩ ሲዘጋ ወደኔ ትዞሪያለሽ። "እህ? አለፈ? ለምን አለፈ?" ያ ቤት የት ሄደ? ግድግዳው እኮ ያው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሰሞኑን ከማሽኑ ጋር እየተሟገትኩ ነው። ዕዳ ይሰረዝ ስለው "ትክክል ነህ" ይላል። ኧረ አይሰረዝ፣ የተበደረ ይክፈል ስለው "ትክክል ነህ፣ ይህም ጠቃሚ ነጥብ ነው።" በሁለት ቢላዋ ይበላል እንዳልለው አፍ የለው።

ከምሳ በኋላ አክስቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ነገር እንዳለ በዚያ አወቅኩ።

"የሚመጣው እሑድ አጎትህ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ዕቃህን እናዘጋጅ።"

"የት ልሄድ?"

"እኔ ጋ ነዋ! እዚያም ትምህርት ቤት አለ። እኔስ ቤቴን ጥዬ እስከ መቼ እዚህ ልሁን?"

"እኔ እዚሁ እሆናለሁ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"ብቻህን ሆነህ ከማን ጋር ልታወራ ነው?"

መልስ ነበረኝ። ቤቱ የእማዬ ነው፣ ማንም አያስወጣኝም። የትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቴ ነው፣ እሱን ብጨርስ ነው የምለው። ደግሞስ እኔ ከዚህ ከወጣሁ አንቺ የት ትቀሪያለሽ? ይህን ሁሉ ለሷ አላልኩም። ለዚህ ወረቀት ነው ያልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ለአንቴና ነገርኩት። "ታዲያ ተናገራ! አፍህ ለጌጥ ነው?" አለ። ምን ብዬ?

ስለ ማሽኑ ግን ጥሩ ነገር አሳየኝ። "ዝም ብለህ አትስማማልኝ በለው። አንድ ነገር ምረጥና ተከራከረኝ በለው።" አልኩት። እውነትም ተለወጠ። ከሁሉም ዕዳን መረጠ። ብሞግተው፣ ብሞግተው አልነቃነቅ አለ። "ወለድ ለመክፈል ትምህርት ቤቷን የዘጋች አገር፣ የቀሩትን ነጥቦች ማን ያነብላታል?" አለኝ።

እህ! አለፈ። አንቺም ታሳልፊው ነበር። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተሟገትን።

ግን ሲያልፍ ደስ አይለውም። ሲያሸንፍ አይፎክር፣ ሲሸነፍ እንደ ፖስተኛው ተናዶ ስኳር ሁለቴ አይጨምር። ሰዓትም አይቶ "ኧረ መሸብኝ" አይልም። አለመሄዱ ነው መሰለኝ ደስ የማይለው...

አንድ ሐሳብ ግን መጣልኝ። አክስቴ ከማን ጋር ታወራለህ አይደል ያለችው? ይኸው እያወራሁ ነው። ማስረጃ አለኝ፣ ገጽ ሙሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አበላሸሁት።

አክስቴ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ስልኬን አቀረብኩላት። "ከማን ጋር ታወራለህ ላልሽኝ ይኸው። በየቀኑ ነው የማወራው። እንዲያውም አንዳንዴ አሸንፌዋለሁ።"

መነጽሯን አደረገች። በጣቷ እየገፋች ብዙ አነበበች። እኔ ቆሜ ኩራት ይሰማኛል!

"ማነው ይሄ ልጅ? ጨዋ ነው አነጋገሩ። ያሳደገው ይባረክ።"

"ልጅ አይደለም፣ አክስቴ። ማሽን ነው።"

"ምን?"

"ኮምፒውተር... ሰው ሰራሽ..."

መነጽሯን አወለቀች። አለቀሰች። ከቀብርሽ ወዲህ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

"ይኸው! የፈራሁት ይኸው! እሷ እኮ ይሄ እንዳይመጣ ነው ስትለፋ የኖረችው!"

"ማን?"

"እህትህ ናታ! እናትህ ስትሞት አፍህን ዘጋህ። ለሷ እንኳን ራስህን በመነቅነቅ ነበር የምትመልስላት። ያን ቧንቧ ሠራተኛ የተናገርከው ቀን እያለቀሰች ደወለችልኝ። 'አክስቴ፣ ተናገረ! ሰውየውን ተከራከረው!' እያለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር የገባውን ሁሉ ያዘችው። ለእነሱ መሰለህ የምትጠይቀው? መጋረጃ ሰፊ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ምን ግዷ ነው? አንተ እንድትመልስላቸው ነው! አለፈ ወይ የምትልህም ምክንያት ስትናገር አፍህ እንዲፈታ ነው። ዛሬ ፖስተኛውን ይሄን አለው፣ ዛሬ ከባለሱቋ ጋር ተሟገተ እያለች እኮ ነው የስልኬን ባትሪ የጨረሰችው..."

ሩዙን ትታው ወደ ውስጥ ገባች። የቀረውን እኔ ለቀምኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

አራሚው እኔ ነኝ ብዬ... ተፈታኙ እኔ ነበርኩ ለካ።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንደሚናደዱት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰው ሲመልስ አንቺ ሁልጊዜ አንገትሽን ደፍተሽ መርፌ ላይ ክር ታስገቢ ነበር። ክሩ ለምን እንደዚያ እንደሚያስቸግርሽ ይገርመኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትሰፊ የምትውዪ ሴት! እኔ ስናገር ወዲያው ይገባልሻል።

ትጠብቂኝ ነበር።

አክስቴ ግን አንድ ነገር ተሳስታለች። ስለ ዓለምም ግድ ነበረሽ። ግድ የሌለው ሰው ሬዲዮ ላይ አይጮህም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ማሽኑን አልከፈትኩትም። ጠልቼው አይደለም። የሚጠብቀኝ ስላልመሰለኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የወጥ ቤቱ ቧንቧ እንደገና አፈሰሰ። አክስቴ ገበያ ነበረች። ራሴ ደወልኩ። ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፣ ትንሽ ከስቷል። እንደ ድሮው ማጠቢያው ሥር ገባ።

"እህትህስ? ዛሬ ፈተና የለም እንዴ?"

አልሰማም ነበር ማለት ነው። እስከዛሬ ሌሎች ናቸው ለሰው የሚናገሩት፤ እኔ ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

"ሞተች" አልኩ። "ሳንባዋን ታማ። ብዙም አልቆየች።"

እግሩ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። መፍቻውን ጭኑ ላይ አደረገ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝምታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

"ያኔ አልፈዋል። ነግራዎት ነበር?"

"አልነገረችኝም! እዚህ በመጣሁ ቁጥር አልፌ ይሆን እያልኩ ነው የምሄደው። አንተ እኮ ነህ ያበላሸህብኝ። ባልዲው የማን ነው ትለኛለህ? ሰው ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ!"

"እስካሁን መልስ አላገኙም?"

"ምን መልስ አለው? ባልዲ ያለው ቀዳዳ አለበት፣ ባልዲ የሌለው ደግሞ ቀዳዳም የለውም። አየህ፣ ተሻለው!"

ሳቅን። ምንም የማያስቅ ነገር ላይ። ሲወጣ ስልክ ቁጥሩን በሩ ጀርባ በእርሳስ ጻፈልኝ። "ከኋላ ያለው ሕንፃ ላይ ነኝ። ለቧንቧ ብቻ አይደለም" አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

አጎቴ መጣ። የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ቃሉ አጭር፣ እጁ ሰፊ። ማሽኑ ትናንት ንግግር አዘጋጅቶልኝ ነበር፣ ጠይቄው። "የተከበራችሁ ቤተሰቦቼ" ብሎ ይጀምራል። በእኛ ቤት እንዲህ ብሎ ያወራ ሰው ቢኖር ሐኪም ይጠራለታል። ስልኩን አልጋው ላይ ትቼው ወጣሁ።

"እንግዲህ ተወስኗል" አለ አጎቴ ዳቦ እየቆረሰ። "ሻንጣህ የታለ?"

"አልተወሰነም።"

ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። "ምን አልክ?"

"አልተወሰነም አልኩ፣ ጋሼ። ይህን ዓመት እዚሁ ልጨርስ።"

"ማን ይቀሰቅስሃል?"

"ራሴ።"

"አሁን የሚቀሰቅስህ ማነው?"

"...አክስቴ።"

"በል እንግዲህ!"

"እሷ ስላለች ነዋ! ብትሄድ እነቃለሁ።"

"ብትታመምስ?"

"ቧንቧ ሠራተኛው አለ። ቁጥሩ በሩ ላይ አለ።"

"ቱቦ ነህ እንዴ?"

አክስቴ ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት። ቶሎ ዋጠችው። "ምን ትበላለህ?" አለች።

"እንቁላል። ሩዝም እሠራለሁ።"

"እስቲ ሩዝ እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ድስቱን ትጥጃለሽ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሩዙን ጨምረሽ፣ ጨው አድርገሽ ትከድኚዋለሽ።"

"ውሃውስ?"

"ውሃውን መጨረሻ ላይ ልነግርሽ ነበር!"

አጎቴ ጠረጴዛውን መታ፣ በሳቅ። እኔ ግን ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንዲህ ስሆን እተወዋለሁ ሌላ ጊዜ። ዛሬ አልተውኩትም።

"አክስቴ፣ የምትፈሪውን አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ግን ዝም የምለው እዚያ ብሄድ ነው፣ ማንንም አላውቅማ። እዚህ ፖስተኛው ያቆመኛል። ባለሱቋ ትጠራኛለች። ትናንት ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብለን ስንት አወራን። እሷ እኮ ስትጠይቃቸው ለእኔ ሰው ትሰበስብ ነበር። እሷ የለችም፣ ሰዎቹ ግን አሉ። እነሱንም ጥዬ ልሂድ?"

አክስቴ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጇ ጠረገች፣ የሌለውንም ጠረገች።

"ይሄን ልጅ ነው አይናገርም ያልሽኝ?" አለ አጎቴ። "ጆሮዬን በላው እኮ!"

ትምህርት እስኪዘጋ እዚሁ እሆናለሁ። አክስቴ ማታ ማታ ትደውላለች። "ደህና ነኝ ብለህ ብቻ ልትዘጋ ብትሞክር በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ" ብላኛለች። የዋለውን ሁሉ መናገር አለብኝ፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ እኔ ምን እንዳልኩ።

እታለም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ። አየሽኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 1

አክስቴ ሄደች። በሩን እሷ ቆለፈች፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፣ ቁልፉን እዚያ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ውሃውን!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ አየኝ። ሩዙን ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ገና አልነጋም ነበር። ተመልሼ ብተኛ ይረፍድብኛል ብዬ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። አልጋዬን አነጠፍኩ። እንቁላል ጠበስኩ፣ ጨው ረሳሁ፣ እንደዚያው በላሁት። ከዚያ ወጥ ቤቱ መሐል ቆሜ ቤቱን አዳመጥኩ። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፣ ላይኛው ቤት ሰው ጫማ ይፈልጋል። ዝም ያለ ቤት ይህን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ትንሽ አለቀስኩ። ሰሃኑን አጠብኩ።

በር መቆለፍ ግን አዲስ ነው። እስከዛሬ ስወጣ ከኋላዬ ሰው ይቀራል፣ ወይ ሌላ ሰው ይቆልፋል፤ ቁልፍ ይዤ ወጥቼ አላውቅም። ቆለፍኩ። መንገድ ላይ ስደርስ... ቆልፌዋለሁ? ተመለስኩ። ተቆልፏል። ወረድኩ። እንደገና ተመለስኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ደረጃውን እየቆጠርከው ነው?"

"አይ፣ ቁልፍ እየተለማመድኩ ነው።"

"ሂድ በቃ። እኔ አየዋለሁ።"

ረፈደብኝ። ክፍል ስደርስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር። "ምን ሆነህ ነው?" አለ። ምንም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር።

"ብቻዬን ሳድር የመጀመሪያዬ ነው" አልኩ። "በሩን መቆለፌን ለማየት ሁለቴ ተመለስኩ።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ፣ ጣቱን አራገፈ።

"እኔ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው" አለ። "ዛሬም ጠዋት ተመልሻለሁ። ግባ።"

ገባሁ።